መርሳን አትሰርዙብን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። አብሽሩ፣ ልቆጣ አይደለም የጻፍኩት፣ ወይም ትንሽ ልቆጣ ነው፣ ስትጨርሱት ታዩታላችሁ። ባለፈው በጥበብ ገጻችሁ ስለ ስደት ግጥም የወጣውን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ፣ እንደውም ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ አንዴ ሱቅ ቁጭ ብዬ አንዴ ደግሞ ማታ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ። ጥሩ ነው፣ ሰው ለፍቶበታል። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ማንሳቱም ደስ ብሎኛል፣ ሰውየው ሐረር ተወልዶ በ1973 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት እንዳለ ነው ያረፈው፣ ያውም ሰዓሊም ገጣሚም የሆነ ሰው፣ እዛ ሜዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሐረርን ሲያስብ ምን ምን ይታየው ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ። ግን አንብቤ ስጨርስ ባለቤቴ ቡናዋን እየቀዳች ምን አለች መሰላችሁ፣ «እነዚህ ሁሉ መጽሐፍ ያሳተሙ ናቸው፣ የኛዎቹስ?» ስለዚ ደብዳቤው የሷ ነው ማለት ይቻላል፣ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ።

የኛዎቹ ያለቻቸው እነማን እንደሆኑ ላስረዳ፣ ለዛ ግን መጀመሪያ ስለራሴ ትንሽ መናገር አለብኝ። እኔ ደሴ ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ነበረኝ፣ የካሴት ማለቴ ነው። አሁን ያው እንደሁሉም ሰው ሚሞሪ መጫንና የስልክ ከቨር መሸጥ ላይ ነኝ። በዛ በካሴቱ ዘመን ሰው እኛ ጋ የሚመጣው ዘፈን ሊገዛ ብቻ አይደለም፣ ደብዳቤ ሊሰማም ይመጣ ነበር። መጻፍ የማይችል ሰው፣ ወይ ቢጽፍም እዚህ የሚያነብለት የሌለው ሰው፣ ድምጹን ካሴት ላይ ቀድቶ በነጋዴ በሹፌር ይልካል፣ ቤታቸው ቴፕ የሌላቸው ሰዎች ካሴቷን በነጠላ ቋጥረው ይመጡና «ልጄ ይቺን አጫውትልኝማ» ይሉኛል። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ በርጩማ ነበረችኝ፣ እዛ አስቀምጣቸዋለሁ። ስንት ለቅሶ ሰማሁ በዛች መጋረጃ! ገንዘብ ተቀብዬበት አላውቅም፣ ይሄን የምለው ልመሰገን ሳይሆን የሱቅ ጎረቤቶቼ አንተ እኮ ነጋዴ አይደለህም እያሉ ይስቁብኝ ስለነበር ነው፣ እውነታቸውንም ነበር።

አጎቴ፣ የናቴ ወንድም፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከአምባሰል ነው ለሰፈራ የተወሰደው። ያኔ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ነው ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተከል የተጫነው፣ አንዳንዱ በአንቶኖቭ አንዳንዱ በአውቶቡስ በካሚዮን፣ ወዶ የሄደም አለ ሳይወድ የሄደም አለ፣ አጎቴ የቱ እንደነበር እስኪሞት አልተናገረም። ወለጋ ገባ። ዘጠኝ ዓመት ድምጹ ጠፋ፣ እናቴ ሞቷል ብላ ተዝካሩን ልታወጣ ስታስብ ነው በ1986 አንድ ቡና ነጋዴ ካሴት ይዞ ሱቄ የመጣው።

ካሴቱ የዘፈን ካሴት ነበር። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የዘፈን ካሴት ከጀርባው በኩል ያለችው ጥርሷ የተሰበረች ስለሆነች አይቀዳበትም፣ ሰዉ ግን ቀዳዳዋን በወረቀት ወይ በስኮች ደፍኖ በዘፈኑ ላይ ድምጹን ይቀዳበታል። አጎቴም እንደዛ ነው ያረገው፣ ቀዳዳዋን የደፈነባት የሲጋራ ወረቀት ነበረች። እናቴን አስጠራኋትና መጋረጃውን ዘግተን ሰማን። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት የሚሆነው ሰላምታ ነው፣ እንዲህ ስል ደህና ናችሁ ወይ ብሎ የሚያልፍ እንዳይመስላችሁ፣ ሰዉን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራ፣ ከዛ ከብቱን፣ ከዛ እኮ ቤታቸው ጓሮ የነበረችውን ሾላ እንኳ ሳይቀር ቆማለች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከጀርባው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፣ እንዴት ያለ ዝናብ መሰላችሁ፣ አንዳንዴ ድምጹን ይውጠዋል፣ እኔ መጀመሪያ ካሴቱ የተበላሸ መስሎኝ የቴፑን ሄድ በአልኮል ልጠርገው ነበር። ከዛ ዝም ይልና ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ይላል፣ በዜማ ነው፣

ዝናብ ሞልቷል እዚህ ቀን ሌት ሳያባራ፣
እኔን ያደረቀኝ የአምባሰል ተራራ።

እስቲ አስቡት፣ ዝናብ ጠፍቶ ነው እኮ አገሩን ለቆ የሄደው! ተርቦ ነው የሄደው! አሁን ዝናቡ ራሱ ላይ ቆርቆሮውን እየደበደበ እሱ ደረቅኩ ይላል። እኔ በዛ ሱቅ ስንት ሺህ ዘፈን ቀድቻለሁ፣ እንደዛች ሁለት መስመር ያለ ግን አልሰማሁም። ከስንኟ በኋላ ምንም አላለም፣ ቸው ሳይል ደህና ሁኑ ሳይል ድምጹ ተቆረጠና ከስር የነበረው ዘፈን ከቃል መሀል ብቅ አለ፣ ሞቅ ያለ የሰርግ ዘፈን። እጄን ሰድጄ ላጠፋው ስል እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ተወው አትዝጋው፣ ምናልባት ይመለሳል» አለች። ካሴቱ አልቆ ቀጭ እስኪል ድረስ እየተጨበጨበ የሚሄደውን የሰርግ ዘፈን ሰማነው።

እና የጽሑፋችሁ ጸሐፊ የስደት ግጥም ማለት «ሀገርን የሚናፍቅ ግጥም ነው» ብሎ ሲጀምር እኔ እዛ ላይ ነው የቆምኩት። አጎቴ አገሬ አላለም። አምባሰል ነው ያለው። ወሎ ውስጥ ናፍቆት የቦታ ስም አለው፣ ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም፣ ዘፈኑን እዩት፣ አራቱ ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አይደሉ? ሁለቱ እኮ በቀጥታ የቦታ ስም ናቸው፣ ባቲ ሰኞ ሰኞ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት፣ አምባሰል ደግሞ ያው ተራራውም ወረዳውም ነው። ፒያኖ የሚነካ የኮንሰርቫቶሪ ተማሪ ሁሉ ሳያስበው ወሎን እየጠራ ነው የሚውለው። (ይሄን ያልኩት ለጉራ ነው፣ ይቅር በሉኝ፣ ወሎዬ ነኝ።)

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የእህቴ ልጅ መርሳ ነው የተወለደችው፣ መርሳን ለማታውቁ ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መንገዱ ላይ የምታገኟት የሀብሩ ከተማ ናት፣ መኪና ሲቆም ልጆች ፓፓያ ይዘው የሚሯሯጡባት። ልጅቷ ጅዳ ናት። መጀመሪያ በኮንትራት ሄደች፣ ከዛ በ2006 ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰዋችንን በጥቂት ወራት ጠራርጋ ስትመልስ እሷም አንዲት ፌስታል ይዛ ቦሌ ወረደች፣ ሁለት ዓመት መርሳ ተቀመጠችና አልሆነላትም፣ ያኔ ደግሞ በኮንትራት መሄድ ታግዶ ስለነበር በባህር ሄደች፣ በጅቡቲዋ ኦቦክ በየመን አድርጋ። ስለ ባህሩ አንድ ቀን ጠይቄያት «አጎቴ እሱን ተወው» አለችኝ፣ ተውኩት።

እሷ ታዲያ በኢሞ ቮይስ ትልክልኛለች፣ አብዛኛውን ሌሊት ነው፣ ማዳሟ ከተኛች በኋላ ኩሽና ውስጥ ሆና እየተንሾካሾከች፣ ከጀርባዋ የፍሪጅ ድምጽ ይሰማል። ካሴቱ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነው፣ ያኔ ቆርቆሮ አሁን ፍሪጅ። አንድ ቀን ይቺን ላከች፣

ሰው እርሺው ይለኛል ናፍቆቱ ሲያመኝ፣
መርሳ ላይ ተወልጄ መርሳቱ አቃተኝ።

እኔ ስሰማት ብቻዬን ሳቅኩ ከዛ አለቀስኩ። ሰሙና ወርቁን ማብራራት ነውር ነው ግን ካላብራራሁት ቀጥሎ የምለው አይገባም፣ የከተማዋ ስም መርሳ ነው፣ ስሙን ሲሰሙት መርሳት መርሳት ይላል፣ መርሳት አገሯ የሆነች ልጅ መርሳት አቃታት፣ በቃ ይኸው ነው። ሰባተኛ ክፍል ያቋረጠች ልጅ ናት። ደግሞ ልኩን ቁጠሩት፣ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ጥርት ያለ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ልክ ነው፣ ማን አስተማራት ብትሉ አያቷ ናታ፣ መውሊድ ላይ መንዙማ ስትል ጉልበቷ ላይ ተቀምጣ ያደገች ልጅ ናት።

ይሄን ለአንድ ጋዜጣ ላክሁት። የናንተ አይደለም፣ ስሙንም አልጠራም። ከአንድ ወር በኋላ ወጣ፣ ገዝቼ ሳየው ምን ይላል፣ «ሀገሬ ተወልጄ መርሳቱ አቃተኝ»! መርሳ የለችም። ስልክ ደወልኩ፣ አንድ ልጅ አነሳ፣ ትህትና አለው፣ «ጋሼ፣ መርሳ ላይ የምትለዋ የፊደል ስህተት መስላን ነው ያስተካከልናት» አለኝ። እሺ አልኩት፣ ምን እላለሁ። የሚያናድደው ደግሞ ልኩ አልጎደለም፣ ሀገሬ ተወልጄ ብትሉም ስድስት ቀለም ነው፣ አፍ ላይ ምንም አይጎረብጥም፣ ሆድ ዕቃው ብቻ ነው የወጣው። በግ አርደህ ቆዳውን መልሰህ ሰፍተህ በር ላይ እንደማቆም ነው። ጋዜጣውን ፎቶ አንስቼ ለልጅቷ ላልልክላት አሰብኩና ደግሞ በስሟ መጀመሪያ የወጣ ነገር ነው ብዬ ላክሁላት። «አጎቴ መርሳዬን ማን ወሰዳት» ብላ የሚስቅ ኢሞጂ ላከች፣ ሳቁ ግን ያስታውቃል።

ስለ መንዙማ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ ከጽሑፋችሁ ጋር ቀጥታ ባይገናኝም ሳልናገረው ቢቀር ይቆጨኛል። የወሎ ሸሆች መንዙማ ብዙው ናፍቆት ነው፣ መዲናን መናፈቅ፣ የነቢዩን አገር። ዳና ላይ፣ ጃማ ንጉሥ ላይ ስንቱ ሸህ ባማርኛም ባረብኛም መዲና መዲና ሲል አለፈ፣ እግሩ ሳይረግጣት ያለፈውም ብዙ ነው። እናላችሁ ልጅቷ በመጀመሪያው ኮንትራቷ ጊዜ ሰዎቿ በረመዳን መዲና ይዘዋት ሄዱ፣ ልጆች እንድትይዝላቸው። አያቷ ስልክ ላይ ይሄን ስትሰማ ጮኸች፣ «አየሽው? ምን አልሽ? ምን ተሰማሽ?» ልጅቷ መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዛ «እማዬ፣ ዱዓ ላደርግ እጄን ሳነሳ የመርሳ ውሃ መጣብኝ» አለቻት። አሮጊቷ አልተቆጣችም። «እሱም ዱዓ ነው» አለች። እዚህ ሆና መዲናን ስትናፍቅ የኖረች ሴት፣ እዛ ሆና መርሳን የምትናፍቅ የልጅ ልጅ፣ በአንድ ስልክ። ይሄን ነገር የሚጽፍ የዩኒቨርሲቲ ሰው እፈልጋለሁ፣ እኔ አልችልበትም።

ልጄ ደግሞ (ስልክ ላይ የማያነበው ነገር የለም) የመርሳዋን ታሪክ ስነግረው አባዬ ይሄ እኮ አሜሪካ ውስጥም ሆኗል ብሎ አሳየኝ። ሳንፍራንሲስኮ ባህር ላይ ኤንጅል አይላንድ የምትባል ደሴት አለች፣ ከ1910 እስከ 1940 በፈረንጅ የስደተኛ ማጣሪያ ጣቢያ ነበረች፣ ቻይናዎቹን ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዱን ከዛም በላይ እዛ ያግቷቸው ነበር። እነሱ ታዲያ የእንጨቱ ግድግዳ ላይ ግጥም ጻፉ፣ በቀለም ብቻ አይደለም በቢላ እየቀረጹ፣ በጥንቱ በአባቶቻቸው የግጥም ልክ። ጠባቂዎቹ ግድግዳ አበላሹ ብለው ቀዳዳውን በማጣበቂያ እየደፈኑ ቀለም ቀቡበት። ቤቱ ሊፈርስ ሲል በ1970 አንድ የፓርክ ጠባቂ ነው ፊደሎቹን ያየውና ነገሩ የታወቀው፣ ከ200 በላይ ግጥም ተገኘ። አብዛኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ግን እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፣ አንዳንዶቹ ስማቸውን ትተው የመጡበትን ወረዳ ፈርመዋል፣ የሺያንግሻን ሰው እንዲህ አለ፣ ብለው! የመርሳ ሰው እንደማለት ነው እኮ። ስሙ ቢጠፋ ግድ ያልሰጠው ሰው ወረዳው እንዲጠፋ አልፈለገም። ቀለም የቀቡትም ሰዎች በክፋት ላይሆን ይችላል፣ እንደዛ የጋዜጣው ልጅ ሊያስተካክሉ ፈልገው ይሆናል።

የአጎቴን ነገር ግን አልጨረስኩትም፣ እንደውም ከባዱ እሱ ነው። አጎቴ ወለጋ ሞተ፣ እዛው ተቀበረ። ልጁ እዛ የተወለደ ነው፣ ወሎን አይቶ አያውቅም፣ ኦሮምኛው ካማርኛው ይሻላል፣ ቡና ተክሎ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዶ ይኖር ነበር። ከዛ እዛ የሆነው ሆነና (ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ እዚህ አልገባበትም) ልጆቹን ተሸክሞ ሸሽቶ ወሎ መጣ፣ ጃራ መጠለያ ገባ፣ ሀብሩ። ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ተመለሰ ይለዋል። ተመለሰ! ሄዶ የማያውቅ ሰው እንዴት ይመለሳል?

ልጠይቀው ሄድኩ፣ ስኳርና አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይዤ። ሸራው ስር ተቀምጠን ሚስቱ ቡናውን መቁላት ስትጀምር እሱ ከምጣዱ አንድ ፍሬ በጣቱ አነሳና አየት አርጎ መለሳት፣ «ይሄ የገበያ ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔን ላለማስቀየም። ከዛ ወጣ ብለን ቆምን፣ በጣቴ ወደ ደቡብ በኩል እያሳየሁት ያ ሰንሰለት አልፎ አልፎ አምባሰል ነው፣ አባትህ ሲያለቅስለት የኖረው አልኩት። እኔ እንዲያለቅስ ነው የጠበቅኩት፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዛ ብዬ ነው ያሳየሁት። አየው፣ «ረጅም ነው» አለ፣ ከዛ ቡናው እንዳያር ብሎ ገባ። ሁለተኛውን ስኒ ስንጠጣ ነው አባቴ ግጥም ይወድ ነበር ብሎ አፍሮ እየሳቀ ይቺን ያለኝ፣

የአባት አገር አሉኝ እለምዳት እንደሆን፣
ቡናዬ ቀይ ሆኖ ማን ለቀመው ይሆን።

ቤት አመታቷ ደከም ያለች ናት፣ ሆን በሆን ነው የገጠመው፣ አውቃለሁ፣ ገጣሚዎች ካላችሁ አትሳቁበት። እኔን ያሰቃየኝ ሌላ ነው። አባት ወለጋ ሆኖ አምባሰል ይላል፣ ልጅ ከአምባሰል አጠገብ ሆኖ ወለጋ ያለች የቡና እግር ይላል፣ እና የስደት ግጥም ሀገርን መናፈቅ ነው ካላችሁ የቱ ነው ሀገሩ? ለኔ ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ሁለቱም ልካቸውን ያውቁታል፣ አንዱ ሾላውን አንዱ ቡናውን። ሀገሬ ብላችሁ ብታስተካክሉት ግን አባትና ልጅ አንድ ግጥም የጻፉ ይመስላል።

እኔም ራሴ አንዴ ተፈናቅያለሁ፣ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ከስድስት ቤተሰብ ጋር ከርሜ ኅዳር ማለቂያ ላይ ደሴ ስትለቀቅ ተመለስኩ። ብርዱን አትጠይቁኝ። እዛ እያለሁ የደሴው ተራራ ጦሳ ጠዋት ጠዋት ጉም ለብሶ ይታየኝ ነበር፣ ግጥም ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አልወጣልኝም፣ ሞክሬ ነበር። አጠገቤ እንጀራ የምትጋግር የቆቦ ሴት ግን ጭሱ መሀል ሆና ታወርደው ነበር፣ ወረቀት አልነበረኝም፣ ስልኬም ቻርጅ አልነበረውም፣ ጠፋ። ስመለስ ሱቁ ተሰብሯል፣ ካሴቶቹ መሬት ላይ ተረግጠው ክራቸው በየቦታው ተጎልጉሏል፣ የሰው ድምጽ ያለባቸውም የዘፈኑም ተቀላቅሎ። የአጎቴ ብቻ ነው የተረፈው፣ ስወጣ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከቤቱ ካርታ ጋር ከትቼው ስለነበር። ባለቤቴ ያኔ ብርድ ልብስ አትይዝም ወይ ብላ ተቆጥታኝ ነበር።

እና የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሰው ግጥም ሲልክላችሁ ቦታውን እንዳለ አውጡት፣ ወረዳውን፣ ካለም ቀበሌውን፣ ያመቱንም ነገር፣ አንባቢ ባያውቀው ይጠይቅ፣ ጎግል ያድርግ፣ ምን ቸገረው። መጻፍ የማይችል ሰው በቮይስ እንዲልክ አንድ የቴሌግራም ቁጥር ጋዜጣው ላይ አውጡ፣ ከጅዳ ከኩዌት ከቤሩት ሌሊት ሌሊት እንዴት እንደሚጎርፍላችሁ ታያላችሁ፣ የሚያንሾካሹክ ስለሚሆን ግን ሄድፎን ያስፈልጋችኋል። ጃራም ሰው ላኩ፣ ለዜና አይደለም፣ ዜናውማ ተነግሯል፣ ቡና ሰዓት ላይ ሄዶ ቁጭ የሚል ሰው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ደሴ አለ፣ የአማርኛ ተማሪዎቹ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ጠፋን ሲሉ እሰማለሁ፣ በየቤቱ ሳጥን ስር የድሮ የድምጽ ካሴት ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ክሩ ሳይጣበቅ ይድረሱበት።

ሌላው የግል ነው። የኔ ቴፕ ተሰብሯል፣ ደሴ ውስጥ ጠጋኝ የለም፣ የነበሩት ሁሉ ስልክ ገብተዋል። የአጎቴን ካሴት ለልጁ ላሰማው ፈልጌ አልቻልኩም፣ ያባቱን ድምጽ ከሞተ በኋላ አልሰማውም። ቢሯችሁ የድሮ ቴፕ ካለና ወደ ሚሞሪ የሚገለብጥ ልጅ ካለ ንገሩኝ፣ በሰው እልከዋለሁ። ሲገለብጥ ግን ድምጹ ሲያልቅ እንዳያቆመው አደራ፣ የሰርግ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ይገልብጠው። ካሴቱንም መልሱልኝ፣ ከነሲጋራ ወረቀቱ።

አክባሪያችሁ
የቀድሞው ካሴት ሻጭ፣ ከደሴ ፒያሳ